አንድ ዶላር ሁለት ዋጋ ሲኖረው ድንበር ላይ ምን ይሆናል?

ልጅ እያለሁ አክስቴ ወደ ጅቡቲ ስትሄድ ቀጭን ነበረች፣ ስትመለስ ደሞ ወፍራም። ያኔ የድሮው ባቡር ይሰራ ነበር፣ ድሬዳዋ ለገሃር ትወርድና በጋሪ እቤት ትደርሳለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ማውለቅ ትጀምራለች። ከላይ አንድ ድሪያ (የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ)፣ ከስሩ ሌላ ድሪያ፣ ከስሩ ሶስተኛ፣ ከዛ ወገቧ ላይ ሶስት አራት ዙር የተጠመጠመ ሽቲ የሚባል ጨርቅ፣ በሽቲው መሀል ደሞ በፌስታል የተጠቀለለ ሽቶና የእጅ ሰአት። እኛ ልጆች እየተቀበልን እናጣጥፋለን። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ለደንበኞቿ ታከፋፍላለች፣ በዛች ትርፍ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛና የኛ ትምህርት ቤት ይሸፈናል። አንድ ቀን ግን እንደሄደችው ቀጭን ሆና ተመለሰች። ባቡሩ ላይ ፍተሻ ነበር። ማንም ምንም አላላትም፣ እሷም አላለቀሰችም፣ ውሃ ጠጥታ ተኛች፣ እኛም ያን አመት አዲስ ደብተር ሳይገዛልን ካምናው የተረፉትን ባዶ ገፆች እየቀደድን ሰፍተን ነው የጀመርነው።

ይሄን የማነሳው ስለ ኮንትሮባንድ በተወራ ቁጥር ነገሩ ሁለት ቦታ ብቻ ስለሚቆም ነው። አንዱ ወገን ኮንትሮባንዲስት ሌባ ነው አገር ገዳይ ነው ይላል፣ ሌላው ደሞ ድሃ ምን ይብላ ይላል፣ ከዛ ክርክሩ እዛው ያልቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው ግን ሁለቱም እቃው ለምን እንደሚንቀሳቀስ አይነግሩንም። እቃ የሚንቀሳቀሰው በዋጋ ክፍተት ነው። እዚህ 100 ብር የሆነ ነገር እዛ 200 ከሆነ፣ በመሀል ያለው መንገድና ፍተሻ ደሞ ከ100 ብር በታች የሚያስወጣ ከሆነ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ይወስደዋል። ያንን ሰው ብታስሩት ሌላ ሰው ይወስደዋል። ትልቁ የዋጋ ክፍተት ደሞ የሽቲም የሽቶም አልነበረም፣ የዶላር ነበር፣ እና የዶላሩን ነገር በደንብ ካልተረዳን ድሬዳዋን፣ የድንበር ከተሞቹን ቶጎ ውጫሌንና ሞያሌን፣ የወርቅ ቦታዎቹን፣ በኬላዎቹ የሚፈሰውን ደም ሁሉ መረዳት አንችልም ባይ ነኝ።

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ድረስ አንድ ዶላር ባንክ ቤት ስትሄዱ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ጥቁር ገበያ ግን 115 አካባቢ ደርሶ ነበር፣ እጥፍ ማለት ነው። አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ የምትሰራ ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ የምትሰራ እህታችን ለእናቷ 500 ዶላር ልትልክ ፈለገች እንበል። በባንክ ከላከች እናቷ 28,500 ብር ይደርሳታል። ከባንክ ውጭ ባለው ሃዋላ ከላከች 57,500። ልዩነቱ 29,000 ብር ነው፣ የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ። እቺን ልጅ አገርሽን ለምን አትወጂም ብሎ መቆጣት ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ተብሏል፣ ግን እናቷን ስለምትወድ በሃዋላ ላከች፣ በቃ።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ አያልቅም፣ ያ 500 ዶላር የት ሄደ? ብዙ ሰው ጥቁር ገበያ ማለት አንድ ሰው በጆንያ ዶላር ይዞ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም፣ ዶላሩ ብዙውን ጊዜ ኢትዮጵያን አይነካትም። እዛ የተቀበለው የሃዋላ ሰው ዶላሩን ዱባይ ላለ ነጋዴ ያስተላልፋል፣ ነጋዴው የአዲስ አበባ ወይም የጅግጅጋ ወይም የድሬ ሰው ነው፣ በዛ ዶላር ዴይራ ገበያ ገብቶ ስልክ፣ ሽቶ፣ ጨርቅ፣ የልጆች ወተት ይገዛል፣ እዚህ ያለው ሸሪኩ ደሞ ለእናትየዋ 57,500 ብሩን በእጇ ወይም በአካውንቷ ይከፍላል። ስለዚህ የእህታችን ላብ እናት ጋ ብር ሆኖ ደረሰ፣ ዱባይ ውስጥ ደሞ እቃ ሆነ። አሁን እቃው አገር ቤት መግባት አለበት። በህጋዊ መንገድ እንዳይገባ ባንክ የፈቀደለት ዶላር የለውም፣ ኤልሲ የሚባለው የባንክ የክፍያ ዋስትና የለውም፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚሰራበት ወረቀት የለውም። ስለዚህ የሶማሌላንዱ ወደብ በርበራ ላይ ይራገፋል፣ በሃርጌሳ አድርጎ ቶጎ ውጫሌ ይደርሳል፣ ከዛ ሌሊት በትናንሽ መኪና፣ በግመል፣ በአህያ፣ በሰው ጀርባ ይገባና ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ ድሬ እያለ መርካቶ ይወጣል። መርካቶ ተሽጦ ብር ይሆናል፣ ያ ብር ደሞ ተመልሶ ለሌላ ሰው እናት የሚከፈለው ብር ነው። ክቡን አያችሁት? ሃዋላና ኮንትሮባንድ ሁለት የተለያዩ ወንጀሎች ተደርገው ይወራሉ እንጂ የአንድ ጎማ ሁለት ጎን ናቸው፣ አንዱን ሳትነኩ ሌላውን ማቆም አይቻልም።

ይሄ ክብ ደሞ ራሱን ያሳድጋል። ዲያስፖራው በሃዋላ በላከ ቁጥር ባንክ ቤት የሚገባው ዶላር ያንሳል፣ ዶላር ሲያንስ የኤልሲ ወረፋው ይረዝማል፣ ወራት የጠበቀ አስመጪ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል፣ ፈላጊው ሲበዛ የጥቁር ገበያው ዋጋ ይወጣል፣ ዋጋው ሲወጣ ሌላው ዲያስፖራ በሃዋላ መላክ ይጀምራል። በጥቅምት 2015 መንግስት ዶላር ለመቆጠብ ብሎ 38 አይነት እቃ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድለት አገደ፣ መኪና፣ መጠጥ፣ ሽቶና ኮስሞቲክስ ምናምን ያሉበት ዝርዝር ነው። ሀሳቡ ይገባኛል፣ ዶላሩ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ይዋል ነው። ግን እቃዎቹ ከሱቅ ጠፉ? አልጠፉም፣ ዋጋቸው ወጣ፣ መንገዳቸው ተቀየረ፣ ቀረጣቸውም ቀረ፣ ማለትም መንግስት ዶላሩንም አላገኘውም ቀረጡንም አጣው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜም ዶላር ባንክ ውስጥ ለአመታት 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ቆሞ ነበር፣ ከባንክ ውጭ ያለው ዋጋ ግን የዛ እጥፍና ከዛም በላይ ነበር። ሥርአቱ ተለውጦ በ1985 ባንኩ ወደ 5 ብር እስኪያደርገው ድረስ ማለት ነው። ድሬዳዋም የኮንትሮባንድ ከተማ የሚል ስም ያተረፈችው የዛን ጊዜ ነው፣ ታይዋን የሚባለው ገበያዋ ስሙ ራሱ እቃው ከየት እንደመጣ ይናገራል። መንግስት ተቀየረ፣ ባቡሩ ቆመ፣ አዲስ ባቡር መጣ፣ የሰዎቹ ልጆች አደጉ፣ ክፍተቱ በተከፈተ ቁጥር ግን ያው መንገድ ይከፈታል።

ይሄ ሁሉ የዋጋ ጉዳይ ነው ስል ማስረጃህ ምንድነው ካላችሁኝ ወርቅን እጠቅሳለሁ፣ ከዚህ የበለጠ ግልፅ ማስረጃ አላውቅም። በባህላዊ መንገድ የሚመረት ወርቅ፣ አሶሳ በሉት፣ ጉጂ በሉት፣ ሽሬ አካባቢ በሉት፣ ጋምቤላ በሉት፣ በህጉ መሰረት ለብሔራዊ ባንክ ነው የሚሸጠው። ለሂሳቡ እንዲመች ግራሙ 75 ዶላር ነው እንበል። ባንኩ በ57 ሲመነዝርለት 4,275 ብር ይሆናል። ያው ግራም ድንበር ተሻግሮ ዶላር ሆኖ በ115 ቢመነዘር 8,625። ባንኩ ይሄን ስለሚያውቅ በአለም ዋጋ ላይ ጉርሻ ይጨምር ነበር፣ ግን ሰላሳ አምስት ፐርሰንት ጉርሻ ብትጨምሩበት እንኳን 5,771 ብር ነው የሚሆነው፣ አሁንም ወደ 3,000 ብር የሚጠጋ ልዩነት በአንዲት ግራም ላይ ይቀራል። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ አፈር ተንዶበት የሚሞተውን ጓደኛውን አውጥቶ፣ ሶስት ግራም ያገኘ ልጅ ለማን ይሸጣል? በ2016 በጀት አመት ብሔራዊ ባንክ የገባው ወርቅ ከ4 ቶን ብዙም አይዘልም ነበር። ከዛ ሐምሌ 22 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ በሚቀጥለው በጀት አመት የገባው ወርቅ ከ30 ቶን በላይ ሆነ፣ ከወርቅ ኤክስፖርት ብቻ ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ተገኘ። እርግጥ የአለም የወርቅ ዋጋም በዛው ጊዜ በጣም ወጥቷል፣ እሱም ድርሻ አለው። ግን አስቡት፣ በአንድ አመት ውስጥ ተራራው አልጨመረም፣ ቆፋሪው ስምንት እጥፍ አልሆነም፣ ድንበር ጠባቂውም አልተባዛም። ወርቁ ድሮም ይወጣ ነበር፣ በሌላ በር ነበር የሚወጣው። ክፍተቱ ሲጠብ በሩን ቀየረ።

እና ያ በሌላ በር ሲወጣ የነበረው ወርቅ ወዴት ሄደ የሚለው ነው የፀጥታውን ነገር የሚያመጣው። ባንክ የሚገባ ወርቅ ወረቀት አለው፣ የሻጩ ስም አለው፣ ግብር አለው። በሌላ በር የሚወጣ ወርቅ ግን ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂው መሳሪያ ይፈልጋል፣ መሳሪያ የያዘ ሰው ደሞ ትንሽ ቆይቶ የራሱን ኬላ ይዘረጋል። የወርቅ ቦታዎች ታጣቂ ለምን እንደሚበዛባቸው ስንጠየቅ መልሱን ፖለቲካ ውስጥ ብቻ እንፈልጋለን፣ ፖለቲካውም አለ አልካድኩም፣ ግን ታጣቂ ይበላል፣ ጥይት ይገዛል፣ የሚከፍለው ከሌለ ደሞ ብዙ አይቆይም። ሁለት ዋጋ ያለው ዶላር ማለት ለዚህ ሰው የማይቋረጥ ደሞዝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምስራቅ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም እዛ ነገሩ በዶላር ብቻ አይገለፅም። ከጅግጅጋ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጅግጅጋ በርበራ ወደብ የዛ ግማሽ ገደማ ነው። ፍየልና በግ ያለው የሶማሌ አርብቶ አደር እንስሳውን ለመሸጥ ቢፈልግ የትኛው ገበያ ይቀርበዋል? የሚቀርበው በርበራ ነው፣ ከበርበራ ማዶ ደሞ ሳውዲ አለ፣ በሐጅ ሰሞን የማይጠግብ ገበያ ነው። በፈረንጆቹ 2014 ከሶማሊያና ከሶማሌላንድ ወደቦች 5 ሚሊዮን የሚጠጋ እንስሳ ወጥቷል፣ ከዛ ውስጥ ቀላል የማይባለው እኛ አገር ሳር የጋጠ ነው። በአዲስ አበባ ወረቀት ላይ ይሄ ኮንትሮባንድ ነው። ለአርብቶ አደሩ ግን አባቱም አያቱም የሸጡበት ገበያ ነው፣ ድንበሩ ነው በኋላ የመጣው።

አሰራሩን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት በጣም ይገርማል። ደላላ አለ፣ ቃሉ በሶማሌኛም በአማርኛም ያው ነው። ደላላው ሻጩንም ገዢውንም በጎሳም በስምም ያውቃል፣ እንስሳው ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው የሚሄደው፣ የሚከፈለው በርበራ ከተሸጠ በኋላ ነው፣ ወረቀት የለም፣ ዋስትናው የደላላው ስም ነው። ታዲያ ነጋዴው በርበራ ያገኘውን ዶላር ይዞ አይመጣም፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ልብስ ገዝቶበት ነው የሚመለሰው፣ እሱን ጅግጅጋና ደጋሃቡር ሸጦ ብር ያገኝና የአርብቶ አደሩን የፍየል ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ ሲኖትራክ ሩዝ ሲወረስ የተወረሰው የነጋዴው ሩዝ ብቻ አይደለም፣ ገና ያልተከፈለ የብዙ ቤተሰብ የፍየል ዋጋ ነው። ቁጥጥር በጠነከረ ሰሞን የእንስሳ ዋጋ የሚወድቀውና የሩዝ ዋጋ የሚወጣው ለዚህ ነው፣ ሁለቱም እዛው አርብቶ አደር ላይ ይወድቃሉ፣ በርካሽ ይሸጣል በውድ ይገዛል።

የዚህ ገበያ መዘጋት ምን እንደሚያደርግ በአንድ ወቅት በደንብ ታይቷል። በ1992 ጎዴ አካባቢ ያንን ክፉ ድርቅ ታስታውሳላችሁ፣ ከብቱ አለቀ፣ ህፃናት አለቁ። ዝናቡ ተመልሶ የተረፈው እንስሳ ማገገም ሲጀምር፣ በ1993 መጀመሪያ፣ ሳውዲ ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ተነሳ፣ ሳውዲም ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ እንስሳ አገደች። እገዳው እስከ ፈረንጆቹ 2009 ድረስ ቆየ። ዘጠኝ አመት! ድርቁን ያለፈ እንስሳ ነበር፣ የሚገዛው ግን ጠፋ፣ በየመን አድርጎ በሌላ መንገድ የሚሄድ ነበር ግን በወደቀ ዋጋ። የአንድ አገር የጤና መስሪያ ቤት ውሳኔ የኦጋዴን ልጅ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ ይወስናል። በዛ አመታት ውስጥ እዛ አካባቢ የነበረውን ግጭት የሚያስታውስ ሰው፣ ስራ የሌለው፣ መንጋ የሌለው፣ የሚያገባበት ጥሎሽ የሌለው ወጣት ስንት እንደነበር አብሮ ቢያስብ ጥሩ ነው። ድህነት ብቻውን ጦርነት አያስነሳም፣ ደሃ ሆኖ በሰላም የሚኖር ሞልቷል፣ ግን ተኩስ ለሚፈልግ ሰው ርካሽ ምልምል ያዘጋጅለታል።

መንገዱ ራሱም ሀብት ነው፣ ሀብት የሆነ ነገር ደሞ ይጣሉበታል። ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አስፋልት ላይ ገዳማይቱ፣ ኡንዱፎና አዳይቱ የሚባሉ ሶስት ትናንሽ ከተሞች አሉ። በአፋርና ከሶማሌ ጎሳዎች አንዱ በሆነው በኢሳ አርብቶ አደሮች መሀል የግጦሽና የአዋሽ ወንዝ ጥያቄ ከድሮም አለ፣ ብዙ ትውልድ ያለፈበት ነው። ግን በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳና አሰብ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ንግድ ጠቅላላ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ዛሬም ከዘጠና ፐርሰንት በላይ የሚሆነው በዛው ነው። ያ አስፋልት በአንድ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ጉሮሮ ሆነ። ሻይ ቤቱ፣ ጎማ ቤቱ፣ ማደሪያው፣ ከቦቴ የሚቀዳው ነዳጅ፣ ሌሊት የሚራገፈው እቃ፣ ሁሉም ገቢ ነው፣ ስለዚህ እነዚህ ከተሞች በየትኛው ክልል ይተዳደሩ የሚለው ጥያቄ የካርታ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በፈረንጆቹ 2014 በአፋር ክልል ስር ልዩ ቀበሌ ይሁኑ ተብሎ ሁለቱ ክልሎች ተስማምተው ነበር፣ በ2019 የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣ፣ ከዛ በፊትም በኋላም በነበሩት አመታት ብዙ ሰው ሞቷል፣ መንገዱም ስንት ጊዜ ተዘግቷል። መንገዱ አንድ ሳምንት ሲዘጋ አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ይወጣል፣ ያንን ጭማሪ የሚከፍለው ሰው ግን ገዳማይቱ የት እንዳለች ሰምቶ አያውቅም።

ኬላው ላይ ያለውንም ልጅ አንርሳው። በወር ደሞዙ ቤት ኪራይ እንኳን በቅጡ የማይሸፍን የኬላ ሰራተኛ ፊት በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያወጣ ጭነት ይቆማል፣ ሹፌሩ በአንድ እጁ ብር ይዟል፣ ከኋላው ያለው አጃቢ ደሞ ጠመንጃ ይዟል። ልጁ ወይ ይቀበላል ወይ ይሞታል ማለት ይቻላል። ስንት ጉምሩክ ሰራተኛና ፖሊስ በዚህ መንገድ እንደሞተ ቤተሰቦቻቸው ያውቁታል። እኔ ስነምግባር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ሰዎች አሉ፣ ግን አንድ ስርአት የሚሰራው ሰራተኛው ሁሉ ሰማእት ከሆነ ብቻ ከሆነ ያ ስርአት አይሰራም።

ነዳጁ ደሞ የባሰ ነበር። መንግስት ደጉሞ ርካሽ ያደርገዋል፣ በውድ ዶላር ተገዝቶ በቦቴ ከጅቡቲ ይመጣል፣ ከዛ ከፊሉ በጀሪካን ወደ ጎረቤት አገር ይመለሳል፣ ጎረቤት አገር ውድ ነዋ። ማለትም ደሃው ኢትዮጵያዊ በሚከፍለው ግብር የሌላ አገር ሞተር ሳይክል ይነዳ ነበር፣ እዚህ ደሞ ማደያ ላይ ሰልፉ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጡትን ልጆች ሁላችሁም አይታችኋል፣ ለስንቱ ወጣት የመጀመሪያ ስራው ያ ነው።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር ፋብሪካው ነው። ድሬዳዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማም ነበረች፣ ሳይረን ሲነፋ ሰአት የምንለካበት ጊዜ ነበር። አንድ ቦንዳ ልባሽ ጨርቅ ያለ ቀረጥ ገብቶ በመንገድ ዳር ሲቸረቸር፣ እዛው ከተማ ውስጥ ቀረጥ ከፍሎ መለዋወጫ የሚያስመጣ፣ ለዛውም ዶላር አጥቶ ማሽኑ የቆመ ፋብሪካ እንዴት ይወዳደራል? ህጋዊ ነጋዴውም ያው ነው፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ቫት ከፍሎ፣ ጎረቤቱ ካለው ሱቅ በላይ አስወድዶ ሲሸጥ ደንበኛው ሌባ ነህ ይለዋል። አንዳንዱ ይዘጋል፣ አንዳንዱ እሱም ወደ ሌሊቱ መንገድ ይገባል። ከተማው ቀስ እያለ ሰራተኛ ሳይሆን አቀባይ ያፈራል፣ ልጆቹም የሚያደንቁት መካኒኩን ሳይሆን ሌሊት የሚነዳውን ሹፌር ይሆናል። እኔ በዚህ ነው በጣም የማዝነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ነገ በህግ ሊስተካከል ይችላል፣ አንድ ትውልድ ስራ ብሎ የሚያስበው ነገር ግን ቶሎ አይመለስም።

እንግዲህ ሐምሌ 2016 ላይ ክፍተቱን ለመዝጋት ተወሰነ። የአለም ገንዘብ ድርጅት በአራት አመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሰጥ ፕሮግራም አፀደቀ፣ በመጀመሪያው ቀን ዶላር ከ57 ወደ 74 ብር ከፍ አለ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ በ2017 መጨረሻ ከ130 በላይ ነበር፣ የ38ቱ እቃዎች እገዳም ተነሳ። ይሄ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? እኔ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ክፍተቱ መዘጋት ነበረበት ወደሚል ይወስደኛል፣ ወርቁም ይመሰክራል። ግን ማን ከፈለው የሚለውን መዝለል አልችልም።

10,000 ብር ደሞዝ ያለው አስተማሪ እንውሰድ። በ57 ሲመነዘር 175 ዶላር ነው፣ በወረቀት። በጥቁር ገበያው 115 ግን 87 ዶላር ነበር፣ ስልክ፣ ልብስ፣ ጫማ ሲገዛ የሚከፍለው በዚህኛው ሂሳብ ነበር፣ ምክንያቱም ነጋዴው እቃውን ያመጣው በዚህኛው ዶላር ነው። ስለዚህ ብሩ ተንሳፈፈ፣ ማለትም ዋጋውን ገበያ ይወስነው ሲባል የስልኩ ዋጋ እንደተፈራው እጥፍ አልሆነም፣ ቀድሞ ጨምሮ ነበራ። በእውነት የጨመረው መንግስት በርካሹ ዶላር ያስመጣቸው የነበሩት ናቸው፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ ዘይት፣ ማለትም ደሃ ሰው የማይተዋቸው። ነዳጅ ሲጨምር ታክሲ ጨመረ፣ ታክሲ ሲጨምር ሽንኩርት ጨመረ። መንግስት የሰራተኛ ደሞዝ ጨምሯል፣ በተለይ ለዝቅተኛው ተከፋይ፣ ግን ደሞዝ አንዴ ይጨምርና ይቆማል፣ ሽንኩርት አይቆምም። በ130 ሲሰላ ያ 10,000 ብር 77 ዶላር ነው። ወርቅ ቆፋሪው አተረፈ፣ ቡና ላኪው አተረፈ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላት እናትም እንደድሮው አገኘች፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ፖሊሱ፣ ያው የኬላው ልጅ ግን ደሞዛቸው ሟሸሸ። እና ያ የኬላ ልጅ ደሞዙ በሟሸሸ ቁጥር ሹፌሩ በእጁ የያዘው ብር ይከብዳል፣ ክፍተቱን በአንድ በኩል ዘግታችሁ በሌላ በኩል ትከፍቱታላችሁ ማለት ነው። የደሞዙን ነገር እንደ እርዳታ የሚያዩት ሰዎች ይሄንን ቢያስቡት ደስ ይለኛል፣ እንደ ወደብና እንደ መንገድ ሁሉ የፀጥታ ወጪ ነው።

ምስራቁ ላይም ምንዛሪ ብቻውን የማይዘጋው ክፍተት አለ፣ የርቀቱ። ዶላር አንድ ዋጋ ቢኖረው እንኳን በርበራ ለጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ይቀርባል፣ ይሄንን ማንም አዋጅ አይቀይረውም። የጠረፍ ንግድ የሚባል ፈቃድ አለ፣ ድንበር አካባቢ ያለ ሰው በተወሰነ መጠንና አይነት እቃ እንዲያስገባ የሚፈቅድ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን የተፈቀደው መጠንና የእንስሳው ገበያ የሚፈልገው መጠን አይገናኙም። ፍየሉ በህጋዊ ደረሰኝ በርበራ የሚሄድበት፣ ሩዙ በህጋዊ ቀረጥ፣ ያውም ሰው ሊከፍለው በሚችል ቀረጥ የሚመለስበት መንገድ ቢሰራ፣ ደላላው ያው ደላላ ሆኖ ይቀጥላል፣ የሚጠፋው ሌሊቱና ጠመንጃው ነው። በርበራ ላይ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በፈረንጆቹ 2021 አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ከፍቷል፣ የወደቡ ስራ እያደገ ነው፣ እቃው በወረቀት ይምጣ ወይስ ያለ ወረቀት የሚለው ነው እንጂ መምጣቱማ ይመጣል።

አሁን ባንኩና ጥቁር ገበያው እንደድሮው እጥፍ አይራራቁም፣ ጠበበ፣ ግን አልተዘጋም፣ አንዳንድ ወር ይጠብና አንዳንድ ወር ይሰፋል። አክስቴ አሁን አርጅታለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጅቡቲ ከሄደች ብዙ አመት ሆናት። ስደውል ሰላምታውን ትጨርስና ወዲያው «ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?» ትለኛለች። ባለፈው የባንኩን ዋጋ ከስልኬ አይቼ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሱን አላልኩህም ልጄ፣ ሌላኛውን ነው የጠየቅኩህ» አለችኝ።